ሦስት ጣት እንጨት

በየካቲት ማታ፣ ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ፣
ኢርያ በር አንኳኳች፣ ጠመንጃው ተሸፍኖ
በአባቷ ካፖርት፣ ቁልፎቹ በረገፉበት።
«እንጨቱን እይልኝ፤ የጥንቱ ነው፣ ወይስ ሰው እጁን አሳርፎበት?»

ገዢው ከታምፔሬ ነው፣ ስልክ ላይ የሚያስነጥስ፣
እንጨቱ ከተነካ ዋጋውን የሚገምስ።

ጥይት ቤቱን ከፈትኩ፤ ባዶ። መነጽሬን ጠረግሁ።
አርባ ዓመት አናጢ ነኝ፣ እንጨት ሲዋሽ አውቃለሁ።

ከፊት፣ ከቀለበቱ ሥር፣ መጋጠሚያ አለ፤
ጣት በጣት እንደሚቆለፍ፣ በርች በርችን ያዘለ።
ኢርያ ፊቷ ጠቆረ፤ «ተሰብሮ ተጠግኗል?»
«የለም» አልኳት፣ «ከግምጃ ቤት ሲወጣም እንዲህ ሆኗል።
ረግረግ ነው ያገራችን ደን፣ አንድ ወጥ በርች ይጣመማል፤
ቆርጠው የገጠሙት ግን ቀጥ ብሎ ይከርማል።»

ማህተሙን በአጉሊ አየሁ፤ ጠርዙ ስል ነው፣ አልተፋቀም፤
ሞረድ ያለፈበት ፊደል እንዲህ አይደምቅም።
ቁጥሩም፣ አሃዝ ባሃዝ፣ ከብረቱ ጋር ይስማማል፤
ከዘይቱ ሥር ቅጥራን አለ፣ እስካሁን ይሸታል።

ሰደፉ ላይ ስደርስ ግን ጥፍሬ ተሰናከለ።
ጸጉር የምታክል መሥመር።
አንዲት አይደለችም። ሦስት።

ሳህኑን ፈታሁ፤ ሁለት ብሎን፣ ዝገት ያጣበቀው፤
በርቹ ተቆርጧል፣ በዶለዶመ መጋዝ፣ ግራኝ በሆነ ሰው።
በቆረጠው ፈንታ ጥድ፦ አንድ ጣት፣ አንድ ጣት፣ አንድ ጣት፤
በየጎናቸው በእርሳስ የተጻፈ ዓመት፦
አርባ ዘጠኝ። ሃምሳ አንድ። ሃምሳ ሦስት።

ኢርያ ጣቷን አሳረፈች፣ ቁጥሮቹን እየዳሰሰች፤
«አባቴ ግራኝ ነበር» አለች። ቆየች። ደግሞ ቀጠለች፦

«አሥር ዓመቴ ነበር፤ ወንድ ልጅ ቤታችን የለም፤
ለአደን ይዞኝ ወጣ። ሰደፉ ልኬ ነው፣ አይተርፍም፣ አይጎልም።
ከዚያ ቀሚሴ አጠረ፤ ጫማዬ ጣቴን ነከሰ፤
ጠመንጃው ግን ያው ልክ! ክረምት ሄዶ፣ ክረምት ደረሰ፣
ያው ልክ! ከማገዶው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፣
‹በጠመንጃ ስለካ፣ አላደግሁም› እያልኩ።
አባቴ አየኝ። ዝም አለ። ጢሙ ሥር የሳቀ መሰለኝ።
ያኔ ሳውናው ቤት ሌሊት ሌሊት ይሸት ነበር፤ ‹ዓሣ ነው› አለኝ።»

ወረቀቱ ላይ «ተነክቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ግማሽ ዋጋ ማለት ነው።
እሷ ግን ጠመንጃውን አንስታ ትከሻዋ ላይ አስደገፈችው።
ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጀርባዋ ጎብጧል፣
ጣቷ ቃታው ጋ አልደረሰም።

«ረዘመብኝ» አለች።
ሳቀች።

መጋዙ ግድግዳው ላይ ነበር።
«አንዷን ጣት ላውርድልሽ?» አልኳት።