ሌሊት የሚብሰው

«ዕድሜ ነው» ብለዋት ቅባት ሰጥተዋታል፤
«ሸክም ነው» ብለዋት ቀበቶ አስረዋታል፤
ስምንት ወር ዡዡና ወገቧን ደግፋ፣
ከቱሼቲ ወርዳ
ቴላቪ ሆስፒታል ቆመች ተሰልፋ።

ሐኪሟ ኤካ ግን ወንበሯን አምጥታ፣
ወገቧን ትታ ጠየቀቻት ስለ ማታ፦
«ስትተኚ ይብሳል? አንሶላሽ ይርሳል?
ለአይብ ሲሆንስ ወተቱ ይፈላል?»
ሣቀች ዡዡና። «የፈላ ወተትማ
ምኑን አይብ ይሆናል! እናቴ ብትሰማ…»

የኤምአርአዩ ምስል ግን አልሣቀም።
ሁለት አከርካሪ ጫፍ ለጫፍ ተበልቶ፣
በመሃል ያለው ዲስክ እርጎ መስሎ ሟሙቶ።
«መድኃኒቱ ይቆይ» አለች ኤካ፣
«ስሙን ሳንይዝ በጨለማ አንተኩስ።»

በመርፌ ከአጥንቷ ቅንጣት ተወሰደ፣
ዘጠኝ ቀን ተጠብቆ ስሙ ተወለደ፦
ብሩሴላ።
በግ ያዋሰው፣ ወተት ያሻገረው፣
ከአጥንት መሃል ገብቶ ጎጆ የቀለሰው።

ሦስት ወር ክኒን።
ሽንቷ ብርቱካን ሆነ፣ እንባዋም ጭምር፤
«ቀለም ነከሩኝ» አለች ለጎረቤት ስትነግር።

ዘንድሮ ወተቱን ታፈላለች፤
አይቡን ቀምሳ ትራገማለች።
ሌሊት ግን
ግድግዳ ሳትይዝ ትገላበጣለች፣
ትተኛለች።