ሽቦና ሰሊጥ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ቡሳንን እንቅልፍ ይዟት፣
የዓሣ ጀልባዎች መብራት ብቻ ከቧት፣
ከግድግዳው ማዶ ውሃ ሲወርድ እሰማለሁ፤
ቀጥሎ ብሩሹን፣ ዓይኔን ሳልገልጥ አውቃለሁ፤
ፈተግ፣ ፈተግ፣ ፈተግ፤ ቆም ይልና ደግሞ
ይነሣል ከድዱ ሥር፣ አዘንብሎ፣ አዝግሞ።
እናቴ ማል-ሱን ናት፤ በስልሳ አንድ ዓመቷ
ሽቦ ያሳሰረች፣ ስትስቅባት እህቷ።

«ለመቃብርሽ ነው የምታስተካክይው?»
አለቻት አክስቴ።
እናቴ ዓሣ እየገፈፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።
«ለእኔ ነው።»

እኔም ከፍቶኝ ነበር፣ ምን ያደርጋል መዋሸት፤
ዋጋው ነው ያንገበገበኝ፣ ደረሰኙን ያየሁ ምሽት፤
የሚያፈሰው ጣራ፣ የበረዶ ማሽኑ ጥገና፣
የቤት ኪራይ ውዝፍ... ብዬ ቆጠርኩና
ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት አንድ ነገር ትዝ ቢለኝ፤
በአሥራ ሦስት ዓመቴ ለእኔ ስታሳስርልኝ
ዋጋ አልተማረረችም።

በየማታው መጥታ፣ እጇ ዓሣ እየሸተተ፣
«ክፈት» ትለኝ ነበር፤ አፌ እየተከፈተ
ትመክረኝ ነበረ፦ «ከሽቦው በላይ በል፤
ከሽቦው በታች በል፤ አትቸኩል፣ አትዝለል፤
በየመሃሉ ደግሞ ትንሿን ብሩሽ ክተት፣ እወቅ፤
ዓሣ ግማቱ ከአናቱ፣ የሰው ግን ከጥርሱ ስንጥቅ።»

እኔ ግን በር ዘግቼ፣ ቧንቧ ለድምፁ ከፍቼ፣
ብሩሹን ብቻ አርጥቤ፣ ጸጉሬን አበጥሬ ወጥቼ
«ታጠብኩ» እል ነበር።

ሽቦው ሲፈታልኝ በያንዳንዱ ጥርሴ ላይ
ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ፣ ከሩቅ የሚታይ፣
ፎቶ የወረደበት የቆየ ግድግዳ ይመስል።
አየችው። አልተቆጣችም። የዕዳ ደብተሯን ከፍታ
የመጨረሻውን ክፍያ ሰረዘች፣ በእርጋታ።

አሁን ተራው የእሷ ነው። ከምሳ በኋላ፣
ከገበያው ቧንቧ ሥር፣ መስተዋቷን ሚስማር ላይ ሰቅላ፣
በጎማ ቦቲዋ ቆማ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ
አንዲት የሰሊጥ ፍሬ ታድናለች።
ጥርስ ውስጥ መግባት ለሰው ክፉ ዕጣ ነው፤
ለሰሊጥ ግን ሰፈር፣ ለበርበሬም ጎጆ ነው።
ክሩን በሽቦው ሥር እንደ መረብ ታሾልካለች፤
እምቢ ያለውን ፍሬ ከነዘሩ ትረግማለች፤
የሚወጋትን ጫፍ በሰም ትደፍናለች፤
ጥርሷን ነክሳ እንዳልል፣ መንከስ ተከልክላለች።
ወር በገባ ቁጥር፣ ሐኪሙ ሽቦ ሲያጠብቅባት፣
ሦስት ቀን ሾርባ ነው፤ ሩዝ እንኳ ድንጋይ ሆኖባት።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ የእናቴን ማን አይቶት!
አርባ ዓመት ሙሉ እጇ፣ ከሳቋ ቀድሞ ሸፍኖት።

ቅዳሜ ዕለት ግን፣ በረዶ ሳራግፍላት፣
እባብ የመሰለ ዓሣ ከገንዳው አምልጧት
ሰተት ብሎ ገባ በአንድ ባለክራባት ቦርሳ።
ሰውየው ጮኸ።
እናቴ ሳቀች።
ግራ እጇ ቢላ ይዟል፤ ቀኝ እጇ ዓሣ፤
መሸፈኛ የላትም። ሳቋ የቆርቆሮውን ጣራ መታ፤
ሽቦው አብለጨለጨ፣ ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያት፣
በፊት ጥርሷ ላይ፣ ከምሳ የተረፈ፣ እንደ ሰንደቅ የተሰቀለ
አረንጓዴ የባሕር ቅጠል።

ልነግራት ነበር። ተውኩት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ውሃው ሲወርድ ተነሣሁ፤
የተረሳ ብሩሼን ከመሳቢያ አነሣሁ።
መታጠቢያው ጠባብ ነው። ምንም ሳትል ጠጋ አለችልኝ፤
አረፋዋን ተፋች፤ በመስተዋቱ አየችኝ፤
በእርጥብ ጣቷ አገጬን ያዘችና
«ክፈት» አለችኝ።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።
ከፈትኩ።