ከቦታው የተነሣ ካርቦን

ያኩትስክ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ውጭ፣ ከዜሮ በታች አርባ ስምንት፤
ውስጥ ግን የማሽኖቹ ትንፋሽ ክፍሉን ያሞቃል፣
የኩንኔይ ጓንት ከሰርቨሩ ጀርባ ተሰቅሎ ይደርቃል።

ጠረጴዛዋ ላይ ከምስር ፍሬ ያነሰች፣
«ቢጫ ናት» ተብላ ከገበያ የተመለሰች
አንዲት አልማዝ።
አባቷ ኡይባን፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ድንጋይ ሲያመላልስ ኖሮ፣
አልማዝ በዓይኑ ሳያይ ጡረታ ወጣ ዘንድሮ።

እሷ ግን ድንጋይዋን ከውስጥ ትሠራታለች፤
ሺህ ሃያ አራት አቶም ስክሪኑ ላይ ደርድራለች፣
እያንዳንዱ ካርቦን በአራት እጁ አራት ጎረቤት ጨብጦ፣
ማንም ከማንም ሳይበልጥ፣ ሳያንስ፣ ተቀምጦ።
ከዚያ አራት ናይትሮጅን መጡ። ሊጠጋጉ ፈለጉ።
ካርቦኑን ከመሐላቸው ፈንቅለው ቦታውን ባዶ አደረጉ።

የት ይሂድ?

የሦስት ሳምንት ስሌት ሁሉ ለዚህች ጥያቄ ነው።
ሦስት ጊዜ ማረፊያ መረጠችለት፤ ሦስቴም ኃይሉ ናረ፣
የቁጥሩ ረድፍ እንደ በሽተኛ ሲገላበጥ አደረ።
«ተይው» አላት ፕሮኮፒ፣ ሻዩን እያማሰለ፣
«ከሚሊዮን አንድ አቶም ቢጎድል ምን ጎደለ?»

አልተወችውም።
የእናቷ መንደር ለጉድጓዱ ሲባል የተነሣ ጊዜ
(እሷ ያኔ አልተወለደችም፤ ያየችው በፎቶ ነው)
ሰዉ ጫካ ለጫካ አልተበተነም፤
ከወንዙ ማዶ፣ በረዶው ላይ፣
የእንጨት ቤት ከእንጨት ቤት ተደጋግፎ
አንድ ረድፍ ሆነ።

ሞኝ! አለች ለራሷ። ብቻውን ነው ያስቀመጥሁት፤
የተገፉት እኮ ብዙ ናቸው።

ጥንድ ጥንድ አድርጋ አቆመቻቸው፣
አንዱ ወዲህ ዘመም፣ አንዱ ወዲያ ዘመም እያለ፣
በኪዩቡ ገጽ ላይ ስስ ግድግዳ ተተከለ።
ቁጥሩ ወረደ።
ደግሞ ወረደ።
እንደ ጥቅምት ሐይቅ ጸጥ ብሎ በረደ።

ይህን የነጋዴ አጉሊ መነጽር አያየውም።
ፋይሉን «ሙከራ አራት» ብላ አስቀመጠችው፤ ሌላ ስም አልመጣላትም።
ጓንቷን አጠለቀች። አንደኛው አሁንም እርጥብ ነው።

ደጅ ስትወጣ ትንፋሿ አየር ላይ ደረቀ፣
እንደ ደቃቅ እህል ጆሮዋ ሥር ተንኮሻኮሸ፤
ሽማግሌዎቹ የከዋክብት ሹክሹክታ የሚሉት ድምፅ።
ቆማ አዳመጠች፤
ከዚያ እያንዳንዷ ቅንጣት የት እንደምታርፍ
ለማየት ጎንበስ አለች።