አንድ ክንድ

የላፕቶፔ ማጠፊያ እንደ አሮጌ መዝጊያ ሲንቋቋ ከርሞ፣
አንድ ቀን ተለየ፤ ክዳኑ ወደ ኋላ እንደ ሰካራም ተጋድሞ።
ወሰድኩት ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከደረጃ ሥር ካለች ሱቅ፤
ሁለት ሰው ከገባባት፣ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚጠብቅ።
ታገሰ ይባላል ጠጋኙ፤ ግንባሩ ላይ መብራት ያስራል፣
ብሎን በማግኔት ይለቅማል፣ በጥርሱ መካከል ያፏጫል።
«ነገ በዘጠኝ» አለኝ፤ በነጋታው በዘጠኝ አደረሰ፤
የማጠፊያው ድምፅ ጠፋ፤ እጄ ላይ እንደ ሐር ለሰለሰ።

ከፍዬ፣ አመስግኜ፣ ሰባ ደረጃን ወጣሁ፤
ክፍሌ ገብቼ ከፈትኩት፤ ዋይፋዩን ፈልጌ አጣሁ።

አጥፍቼ አበራሁት።
የአውሮፕላኗን ምልክት ተጫንኩት፣ ለቀቅኩት።
ድራይቨሩን ነቀልኩት፣ መልሼ ጫንኩት፤
የይለፍ ቃሉን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ደገምኩት።
ኤፍ ሁለትን፣ ኤፍ ዐሥራ ሁለትን፣ ያገኘሁትን ነካካሁ፤
ምናልባት አቀማመጤ ይሆናል ብዬ ደግሞ ተነሳሁ።

ትናንት ዝርዝሩ ላይ ይጋፉ ነበር፦ «ኪዳኔ ፀጉር ቤት»፣
«አትልፉ አይከፈትም»፣ «ሦስተኛ ፎቅ»፣ «የሊያ ቤት»፤
ዛሬ ባዶ ገጽ፤ ሰፈሩ ሁሉ በሌሊት ዕቃውን ጭኖ
የሄደ ይመስል፣ ሜዳው ብቻ ቀርቶ፣ ነጭ ሆኖ።

አቤቱታ ጻፊ ነኝ፤ የይግባኙ ጊዜ ነገ ያልቃል፤
ባለጉዳዬ ከአራዳ ችሎት በር ላይ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል።
ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፌ በግቢው ስዞር፣
ከቧንቧው አለፍ ብዬ፣ በእትዬ ዘርፌ በር፣
አንድ ቅስት።
ገፋ ስል ሁለት።
ራውተሩ ያለው እሳቸው ሳሎን ነው፣ ከቲቪው ጎን፣ ዳንቴል ተነጥፎለት፤
ድርሻዬን በወር በወሩ የምሰጣቸው በመስኮት፣
ስድስት ዓመት ስከራይ አንድ ቀን ያልተቀመጥኩበት ቤት።

ከራውተሩ አንድ ክንድ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ክንድ ከሆነ ይሞታል፤
«ገባልህ?» ይላሉ፤ «ገባ» ስላቸው ፊታቸው ይበራል።

በሁለተኛው ቀን የውሃ ቢል አነበብኩላቸው፤
መነጽራቸው በክር ታስሮ ከርሟል፤ ማሳየቱንስ አያሳያቸው።
በሦስተኛው፣ የሟች ባላቸውን ደብዳቤ አመጡልኝ፣
የቴሌ ሽቦ ሲዘረጉ ከጅማ የላኩትን። «ድምፅህን ከፍ አርግልኝ»
አሉ። ማጠፊያው ላይ ተቀዶ ሁለት ቃል ጠፍቷል፤
እነሱን ከአፋቸው ሞሉልኝ፤ ልባቸው ይዟቸዋል።
«እሱ ቢኖር» አሉ ላፕቶፑን እያዩ፣ «ሽቦ ነው ይልህ ነበር፤
ተፈትቶ የተገጠመ ዕቃ፣ የሚረሳበት ሽቦ አይቀር።»

በአራተኛው ቀን ለጠብ ተዘጋጅቼ ወደ ታገሰ ወረድኩ፤
ክሱን በአንቀጽ በአንቀጽ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ አረቀቅኩ።
እሱ ምንም ሳይል ገለበጠው፤ ዐሥራ አንድ ብሎን ፈታ፣
የግንባሩን መብራት አስጠጋ፤ ፉጨቱን መሐል ላይ ገታ።

ሁለት ቀጫጭን ሽቦ፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣
ከካርዱ ጎን ተጋድመዋል፣ ከቦታቸው ውጭ፤
ጫፋቸው ከምስር ያነሰ፣ ወርቅ የተቀባ፤
መልሶ የሚገጥማቸው ሰው ሐሳቡ ሌላ ቦታ የገባ።

«ያን ቀን ስልክ ተደወለልኝ» አለ፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም።
የኔም ክስ፣ በአንቀጽ እንደተደረደረ፣ ከአፌ አልወጣም።
በጥፍሩ ጫን አደረጋቸው፦

ጠቅ።

ጠቅ።

ዝርዝሩ ሞላ፤ የማላውቃቸው ጎረቤቶች፣ «ኢዮብ ሞባይል»፣ «ፎቅ ቤት እንግዳ»፤
ብር ብዘረጋለት እጁን ኪሱ ከተተ፤ «ይሄ የኔ ዕዳ።»

ማታ አልጋዬ ላይ ቅስቱ ሁሉ ሙሉ ነው፣ እስከ ጫፉ፤
የሰፈሩ ስሞች ተመልሰው እንደ ድሮው ይጋፉ።
በግድግዳው በኩል ሰማሁ፤ ከቲቪው ጎን ያለውን ወንበር
እትዬ ዘርፌ ሲጎትቱ፣ በለመድነው ሰዓት፣ ለኔ ሲሉ በር በር።
ክዳኑን ዘጋሁት፤ ማጠፊያው ድምፅ አላሰማም።
ታቅፌው ወጣሁ፤ ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም።

«ዛሬም እንቢ አለህ?» አሉኝ፣ ቆመው በራቸው ዘንድ።
«ዛሬም» አልኩ። ገባሁ። ተቀመጥኩ፤ ከራውተሩ አንድ ክንድ።