መጨረሻውን አውቀዋለሁ

ፒያሳ ጥጉ ላይ፣ ሸራው ተነጥፎ፣
ጋሽ ላንቃሞ አለ፣ ግንብ ተደግፎ፤
ልብ ወለድ ያከራያል፣ ሃያ ብር ለሳምንት፣
«ገጽ እንዳይጎድል» ናት ግዴታውም አንዲት።

እኛ አራት ነን ዳቶ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል፣
ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ባልዲ፣ ኪራይ የምንካፈል፤
መስታወት ኮሌታ፣ አማረች እጅጌ፣
ወይንሸት ኪስ ብቻ፤ ቁልፍ ነው ማዕረጌ።
ከፓርኩ ሼድ ውስጥ ቀን ሙሉ ስንሰፋ
አንድ ሙሉ ሸሚዝ አይተን አናውቅም በይፋ።

ለዚህም ይሆናል፣ መጽሐፉ ሲመጣ
በምላጭ ሰንጥቀን አራት ስናወጣ
ቅር ያላለን ከቶ፤ ቁራጭ ለምደናላ፣
ሙሉው ነገር ሁሌም ይሄዳል ለሌላ።

ሽፋኑ ላይ ልጅት፣ ሻርፗን ነፋስ ነጥቋት፣
አንድ ጎረምሳ ደግሞ ሻርፑን ሲያሳድድ፣ እሷን ግን ረስቷት።

ክፍል አንድ ላይ ገና ይጋጫሉ በደጅ፣
ጁስ ይደፋባታል ያ ተንቀዥቃዥ ልጅ፤
ክፍል ሁለት ላይ ደግሞ ደብተር ልትዋሰው
ሄዳ ስሟን ትረሳለች ገና ስታየው።
ሦስት ላይ ይኳረፋሉ በማይረባ ነገር፣
አንድ ስልክ ቢደወል የሚፈታ ነበር!
አራት ለወይንሸት የወጣ 'ለት ዕጣ
ምሥጢር የሚባል ነገር ከየት አባቱ ይምጣ!
«ታረቁኮ!» ትላለች ጫማ ሳታወልቅ፣
እኛም ቱግ እንላለን፤ ቱግታው ግን የሳቅ።
መታረቃቸውንማ ሽፋኑም ያወራል፤
እንዴት? ነው ጉጉቱ፤ በየት በኩል ዞሯል?

የአከራያችን ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው፣
በመስኮት ብቅ ብሎ «ቁም ነገር የለው
ይሄ ተረታችሁ» ይለናል ሁልጊዜ።
ለሰርቪስ ቆመናል፣ ለውሃ ቆመናል፣
የደሞዝ ቀን ሰልፉ እግራችንን በልቷል፤
ቁም ነገርስ በቃን! ማታ እንኳን በጋራ
ቁጭ ነገር ይድረሰን፤ እሱም አለው ተራ።

ደግሞስ፣ ወንድሜ፣
የኔን መጨረሻ ማን አውቆት?
ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል። ከሰኔ ወዲያ
እንደ ሐይቁ ማለዳ ጭጋግ ነው፤
ታቦር ጫፍ ብወጣም አይታየኝ።
እናቴ ስትደውል «ደህና ነኝ» እላለሁ፣
ደህንነቴን ሳላጣራ።
ይቺኛዋ ልጅ ግን ገጽ ሰማንያ ላይ ስታለቅስ
መቶ ሃያ ላይ የሚሆነውን አውቃለሁና
«አይዞሽ» እላታለሁ፣ «አርባ ገጽ ነው የቀረሽ።»
እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ
ማንንም አይዞሽ ብዬ አላውቅም።

ትናንት መብራት ጠፋ።
አማረች በስልኳ መብራት ጮክ ብላ አነበበችልን።
ደራሲው ከተማውን አልጠቀሰም፤
እኛ ፍቅር ሐይቅ ዳር አድርገነዋል፣
አባ ኮዳዎቹ ካባቸውን ደርበው
እንደ ተላከ ሽማግሌ የቆሙበት ጋ።
እጇን ያዘው። ጠጋ አለ። ዐይኗን ጨፈነች። እና
ባትሪው ሞተ።

አራታችንም ጮኽን። አከራይዋ ግድግዳውን ደበደበች።
ከዚያ በጨለማ፣ በሹክሹክታ፣ ጨረስነው፤
የመስታወቷ ልጅ ቀድማ ሳመችው፣
አማረች ዝናብ አወረደችባቸው፣
እኔ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፤
(መልስ ሲሰጠኝ ሳንቲም የሚጥል
አንድ ባጃጅ ነጂ አለ፤ ስለሱ አይደለም።)
ወይንሸት፣ ያቺ እውነተኛውን የምታውቀው፣
ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች።
ቆይታ፣ «የናንተው ይሻላል» አለች።

ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተኩል፣ ሰርቪሱ ሳይደርስ፣
ልብሴ ላይ ተጣብቆ በመጣ ነጭ ክር
አራቱን ክፍል ገጥሜ ሰፋሁት።
ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ያለፈ
አንድ ሙሉ ነገር ይኸው።

ጋሽ ላንቃሞ አገላበጠው።
ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣
ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፣
ልቤ ቆመ።
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣
ግራ ቀኙን አየና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦
«ለመሆኑ... ሻርፗን አገኘላት?»