ግርጌ

ኢንዲያናፖሊስ። ሌሊቱ፣ ለሰባት ሩብ ጉዳይ።
ውጭ በረዶ ይወርዳል፤ እዚህ ሰላሳ ፀሐይ፣
ሰላሳ ስክሪን በርቶ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
ሁሉም አንድ ቁርጭምጭሚት ደጋግሞ ያሳያል፤
ሲታጠፍ፣ ሲታጠፍ፣ በዝግታ ሲታጠፍ፣
አራት ሊቅ ክራባት አስሮ ሲተነትን፣ ሲለፍፍ።

የእኔ ሥራ ከዚያ በታች ነው።
አልጋ ራስጌ እንዳለው፣ ጣቢያችንም ራስጌ አለው፤
ራስጌው ለከዋክብት ነው፣ ለስማቸው፣ ለዋጋቸው።
እኔ ግርጌው ላይ ነኝ፣ እግር በሚዘረጋበት፣
ቀጭኗ ቢጫ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ በምትሮጥበት፤
ውጤት እከትባለሁ፦ ስም፣ ቁጥር፣ ስም፣ ቁጥር፣
እንደ ጉንዳን ሰልፍ፣ አንዱ ካንዱ ጭራ ሳይቀር።
ማንም አያውቀኝም። አንድ አሃዝ ስስት ግን
ከማያሚ እስከ ሲያትል ያውቁታል መኖሬን።

ድምፁ ተዘግቶ ነው ሀገር እኛን የሚያየው፣
በጥርስ ሐኪም ቤት፣ በጎሚስታ፣ በአውሮፕላን ጣቢያው፤
አባትና ልጅ፣ ምርጫ ያለያያቸው፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው
«አየኸው?» «አየሁት» ብለው ያመሻሉ፣ ሌላ ቃል ሳይወጣቸው።

ስልኩ ጮኸ። ሰባተኛው መስመር፣ የማይጮኸው፣
ድሮ የአውራጃ ጋዜጦች ይደውሉበት የነበረው፣
እነሱ ተራ በተራ ሲዘጉ አብሮ ዝም ያለው።
(እውነቱን ልናገር? ማስታወቂያቸውን የወሰድን፣
ከዚያም አንባቢያቸውን፣ ከዚያም ልጆቻቸውን፣ እኛ ነን፤
የቅዳሜ ሜዳቸውን ትተው እኛን አዩን።)

«ከሃርላን ክሪክ ነው» አለችኝ፣ «ከነብራስካ፤
ማርሊስ ነኝ፣ ነጥብ መዝጋቢ፤ ሰው ያነሣል ለካ!
ጋዜጣችን ሞቷል፤ ሁለት ዓመት ሆነው፤
ቁጥራችሁን ከጂሙ ግድግዳ ነው ያገኘነው።
አሸነፍን። አርባ አንድ ለአርባ። ሴቶች፣ ቅርጫት ኳስ።
ሃምሳ ሦስት ጨዋታ ተሸነፍን፣ እስከ ዛሬ ድረስ።»

«ማን አስቆጠረ?» አልኳት፣ ቅጹ ባይጠይቅም።
«ዶርቲያ ፕሮሃስካ፤ በግራ እጇ፤ ግራኝ ግን አይደለችም።
አሰልጣኝ ቮንድራ አልጮኸም፣ አልዘለለም፤
ወንበሩን አጥፎ ግድግዳ አስደገፈ፤ ቃል አልተነፈሰም።
አሁን ቤቱ ነው፤ አይተኛም፤ የእናንተን ጣቢያ ነው የሚያየው።
ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግርጌው ነው ጓደኛው።»

ተረኛው አለቃዬ ኮርዊን፣ ክፉ ሰው አይደለም፣
«ሀገር አቀፍ ነን» አለኝ፤ «ለመንደር ቦታ የለም።»

ሀገር አቀፍ።
ቃሉን እንደ አጥንት ጋጥኩት፤
ማቀፍ ማለት ደረትን በደረት መንካት።
ክንዳችን ከባሕር እስከ ባሕር ተዘርግቶ ሳለ
ታዲያ ሃርላን ክሪክን በየት በኩል ጣለ?

ኮርዊን ሲጋራ ሊያጨስ በረዶው ውስጥ ወጣ።
ጣቴ ሳያስፈቅደኝ አንድ መስመር አመጣ፦

ሃርላን ክሪክ 41፣ ሴንት ቦኒፌስ 40 (ፕሮሃስካ፣ በግራ እጅ)

ስምንት ሰከንድ። ይኸው ነው።
ከጎማ ማስታወቂያና ከሆኪ ውጤት መሀል ተሰለፉ፣
ቁርጭምጭሚቱ ከላይ ሲታጠፍ፣ እነሱ ከታች አለፉ።
ኮርዊን ተመለሰ፤ በረዶውን ከትከሻው አራገፈ፤
አይቶ ይሁን ሳያይ እንጃ፣ ምንም ሳይል አለፈ።

ሰባት ተኩል ላይ ያው ስልክ እንደገና ጮኸ።

«ደጃፉ ላይ ነኝ» አለች፣ «መኪናዬን አቁሜ፤
ልነግረው መጥቼ ነበር፤ ቀደማችሁኝ፣ ይብላኝ ለድካሜ!
መጋረጃው ክፍት ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል፤
ከስክሪኑ አንድ ክንድ ርቆ፣ ጎንበስ ብሎ ቆሟል።»

«ምን ያደርጋል?» አልኳት።
መስመሩ ውስጥ ነፋስ ይሰማል።
«ያነባል» አለችኝ።

«መስመሩ ካለፈ እኮ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል።»
«አውቃለሁ» አለች፤ «ግን
አሁንም ያነባል።»