ሦስተኛ እጅ

«ሦስተኛ እጅ» ይላል የመኪናዬ ወረቀት፤
አንደኛው የሐኪም፣ ሁለተኛው የመምህርት፣
ሦስተኛው ይኸው ነው፣ የሌሊት ዘበኛ፣
ሰው ሲነሳ ገብቶ፣ ሰው ሲሠራ የሚተኛ።

ኤልያድ ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጦ
ሥዕሏን ይመርጣል በጣቱ ገልብጦ፤
ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ጭረቷ እንዳይታይ፣
የአፉላ ፀሐይ ሲያንጸባርቅ ከላይ።
እኔም በስህተት አንዱ ሥዕል ገብቼ
ቆርጦ አወጣኝ፤ ወጣሁ፣ እጄን አስቀርቼ።

«ስንት ልበል አባ?» «አሥራ አንድ ሺህ በል።»
«አሥራ አራት ልበልና ሦስቱን እንጣል።»
እኔ የማውቀው ገበያ ጥርስ ገልጦ ያያል፣ ጀርባ ይዳስሳል፤
ይኸኛው በሥዕል ያምናል፣ ሳይነካ ይከራከራል።
አንድ ባዶ ሳጥን አለ፣ ጉድለቷን የሚጠይቅ፤
እንደ ቀይ መብራት ጥሶት አለፈ፣ ሳይሳቀቅ።

ማታ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት እኔው።
«ሻሎም» ብል ዝም አለ፤ አሰበ ሰውየው፤
ስምንት ሺህ ጠራልኝ።
መኪናዋን መች አያት፣ ድምፄን ነው ያየው።
ሠላሳ ዓመት ያኖርኩት ዕብራይስጥ ዛሬም እንግዳ ነው፤
ጉሮሮዬ ደጃፍ ቆሞ ጫማውን የሚያወልቀው።

«አባ፣ አንተ ዝም በል» አለኝና ልጄ
ስልኬን ተቀበለኝ ከመዳፌ፣ ከእጄ።
በማግስቱ አንዲት ልጅ ደወለች፤ አወሩ፣
«ረ»ን ከጉሮሮ ፍቀው እያወጡ፣ እንደ አገሩ።
ስሰማው ከጎኑ፣ ያቺ የኔ ማዝዳ
ባፉ ውስጥ ታጠበች፣ ሆነችብኝ ባዳ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ ገና፣
ገዢ ሊመጣ ነው።
«ጎረቤት ነህ በቃ፤ ምንም አትናገር፤
ሱፍህን ቆርጥም፣ ቁም እዚያ ግንቡ ሥር።»
የሰው ንብረት ስጠብቅ ዕድሜዬን ፈጀሁ፤
የራሴን እንደ ሰው ንብረት ዛሬ ጠበቅሁ።

ናዪፍ ይባላል ገዢው፣ ኢክሳል ነው መንደሩ፣
አናጢ ነው፤ እንጨት እንጨት ይላል አየሩ።
ደዋይዋ ልጁ ኖራለች፤ እሱማ ሲናገር
የሱም ዕብራይስጥ ጫማ አውላቂ ነው፣ ባዶ እግር።
ሞተሩን አዳመጠ። ጎማውን ረገጠ።
ከዚያ ዞር አለና ወደ ግንቡ አፈጠጠ፤
«ጎረቤት፣» አለኝ፣ «ታውቃታለህ እንዴ?»
ጎረቤት ይዋሻል? ተላወሰ ሆዴ።
«ዘይት ታንጠባጥባለች። ብርድ ሲሆን ሁለተኛው ማርሽ ያንገራግራል።
የኋላ ግራው በር ከውጪ እንጂ ከውስጥ አልከፈትም ብሏል።»

ኤልያድ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ሰማይ ሰማይ አየ።
ናዪፍ ስልኩን አወጣ፤ ሥዕሏን አሳየ፤
ከጣሪያዋ ጫፍ አንድ እጅ፣ አውራ ጣቱ ቆልማማ።
አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እኔን፤
«ይቺስ እጅ ጎረቤት ናት?» አለኝ፣ ማንም ሳይሰማ።

ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ።
እሑድ ፖስታ ቤት ስሜን ጠራች ጸሐፊዋ፣ ሰባብራ፣ «ገበየሁ!»
ሸጬ እየወጣሁ፣ ገበየሁ ተባልሁ።
አራተኛ እጅ ሆነ ናዪፍ። ጨበጥኩት፤
እንደ ሞረድ ነው መዳፉ። ቶሎ አልለቀቅኩት።

ባውቶቡስ ስንመለስ ኤልያድ ተቆጥቷል፤
«አንድ ሺህ ስድስት መቶ ያ ምላስህ በልቷል።»
ቆይቶ፣ መስኮቱን እያየ፣ «በሩንስ» አለኝ፣
«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምነው ሳታሠራው?»

ዝም አልኩ።
ሰባት ዓመቱ ነበር፣ የመጊዶ መንገድ ላይ፣
መኪናው እየበረረ
እጀታውን የሳበው፣ ሽመላ ሊቆጥር፣ ሲያልፍ በሰማይ።
ያን ሌሊት፣ በባትሪ ብርሃን፣
ሽቦውን የቆረጥኩት እኔው ነኝ፣ በዚቹ እጄ።

ቀይዋን ቁልፍ ተጫነ።
በሩ ተከፈተ፤ ቀድሞኝ ወረደ ልጄ።